«በዓሉ ይለፍና እመጣለሁ»

«በዓሉ ይለፍና እመጣለሁ።» ይህችን አባባል ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። የሚሏት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ደሞዛቸው ከወሩ አጋማሽ የማያልፍ መምህራን፣ የቤት ኪራይ የተጨመረባቸው አዲስ ተጋቢዎች፣ መኪናው ተሸጦባቸው ሥራ የፈቱ ሹፌሮች ናቸው። ለእናታቸው፣ ለአክስታቸው፣ ለክርስትና አባታቸው ደውለው «እንኳን አደረሰዎት» ይላሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህችን ያስከትላሉ። በዓሉ ያልፋል። እነሱ ግን አይመጡም። በዓሉ ካለፈ በኋላም እጃቸው ያው ነው፤ አሁን ደግሞ የቀሩበት ሐፍረት ተጨምሮበታል። ቀጣዩ በዓል ሲደርስ ሐፍረቱ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ከገዛ ዘመዱ ደጅ ይጠፋል።

ከዚህች አባባል ጀርባ የቆመው እምነት ግልጽ ነው፦ ስጦታ በዋጋው ይመዘናል፤ ደህና ነገር መያዝ ያቃተው ሰው ባይመጣ ይሻለዋል። እምነቱ በችግረኛው ልብ ብቻ የበቀለ አይደለም። በበዓል ባዛር ድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፤ በቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት መካከል በሚገባው ማስታወቂያ ይደጋገማል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳው ከወጣ በኋላ ሳሎን ውስጥ «እገሌ ምን ይዞ መጣ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን እምነት በቅንነት የሚይዙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከእነሱም መካከል የምወዳቸው አሉ። ቢሆንም ስሕተት ነው። ዝም ተብሎ የሚታለፍ ስሕተትም አይደለም፤ ምክንያቱም በየዓመቱ ሰው ከሰው እየቆረጠ ነው።

በመጀመሪያ ግን የእነሱን ክርክር በሙሉ ጉልበቱ ላቅርበው።

ስጦታ ክብር ነው ይላሉ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር መሆኑን ያስተማረን ነጋዴ አይደለም፤ አያቶቻችን ናቸው። ያሳደገችህን አክስት በዓመት አንዴ ስትጠይቅ ለእሷ የሚመጥን ነገር መያዝ ግዴታህ ነው፤ ያነሰ ነገር መያዝ «ለእኔ ያለሽ ዋጋ ይህች ናት» ማለት ነው። ሁለተኛው ክርክራቸው ከኑሮ የሚነሳ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል፤ ያ ለውጥ በየቤቱ ዘይትና ስኳር ላይ ደርሷል። በዚህ ጊዜ «ዋናው ልብ ነው» ማለት የስስታም መሸሸጊያ ነው፤ ልብ ወጥ አይሆንም ይላሉ። ሦስተኛው፣ የምር ለሰውየው ካሰብክለት ጥሬ ገንዘብ ስጠው፤ በቴሌብር ላክለትና የሚያስፈልገውን ራሱ ይግዛ የሚል ነው። ይህን የሚያጠናክር ምሁርም አለ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ጆኤል ዋልድፎጌል በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተማሪዎች ለገና የተሰጣቸውን ዕቃ ራሳቸው ቢገዙት ስንት ይከፍሉበት እንደነበር ጠይቆ፣ ሰጪዎቹ ካወጡት ገንዘብ ከ10 በመቶ እስከ ሲሶው የሚደርሰው በከንቱ ይቀራል ብሎ ገምቷል። የመጨረሻው ክርክር ስለ ብድር ነው፦ አምና በግ ይዞልኝ ለመጣ ሰው ዘንድሮ ድፎ ዳቦ ይዤ ብሄድ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ቀላል ክርክሮች አይደሉም። ግን አንዱም አይቆምም።

ከክብሩ ልጀምር። አያቶቻችን ባዶ እጅ ነውር ነው ብለዋል፤ እውነት ነው። ርካሽ እጅ ነውር ነው ያሉት ግን መቼ ነው? እስቲ በዓሎቻችንን አንድ በአንድ እንያቸው። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ የሚሰጠው ሙልሙል ነው፤ ዱቄት፣ ውሃና እሳት። ትውፊቱ እንደሚነግረን በታቦር ተራራ በታየው ብርሃን የተነሳ መሸ ሳይሉ በመስክ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ዳቦ ይዘውላቸው ወጡ። የሰጡት ልጁ ሜዳ ላይ መሆኑን ስላሰቡ ነው፤ ስጦታው ከዚያ ሐሳብ ተወለደ። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች በየደጁ ይዘው የሚዞሩት ራሳቸው ቀለም የቀቡት ስዕል ነው፤ ሴቶቹ አደይ አበባና ለምለም ቄጤማ። ከስቅለት ማግስት፣ ቀዳም ስዑር፣ ካህናቱ ለምእመኑ የሚያድሉት ቄጤማ ነው፤ ርግብ ለኖኅ የጥፋት ውሃ መጉደሉን በለመለመ ቅጠል እንዳበሰረችው ሁሉ። ምእመኑ ያንን ሣር ግንባሩ ላይ አስሮ ይውላል። ከወንዝ ዳር የታጨደ ሣር ነው፤ ግን ማንም «ይህ ስንት ያወጣል?» ብሎ አልጠየቀም። ታዲያ ልጅን በሰባት ዓመቱ ስዕል ሰጥቶ ተመርቆ እንዲመለስ ያስተማርን ሰዎች፣ በሠላሳ ዓመቱ ድፎ ዳቦ መያዝ የሚያሳፍር መሆኑን መቼ ነው የነገርነው?

የሰብአ ሰገልን ወርቅ የሚያነሳብኝ አይጠፋም። ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መጡ፤ አዎን፣ ከቤታቸው ያለውን ይዘው መጡ። ግን በዚያች ሌሊት ቀድመው የደረሱት እረኞቹ ናቸው። ሉቃስ እረኞቹ ምን ይዘው እንደሄዱ አንድ ቃል አይነግረንም። ፈጥነው መሄዳቸውን ነው የሚነግረን። «በዓሉ ይለፍና እንሄዳለን» ቢሉ ኖሮ የልደቱ ሌሊት ያለ ጠያቂ ባለፈ ነበር።

በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ሕጉ ያው ነው። ዘካተል ፊጥር ለአንድ ሰው ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ገደማ የሚሆን የምግብ እህል ነው፤ ከዒድ ሶላት በፊት ለተቸገረ መድረስ አለበት። ግዴታው በባለጠጋ ላይ ብቻ የወደቀ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ከዕለትና ከሌሊት ቀለቡ የተረፈው ሰው ሁሉ ይሰጣል። ነቢዩ ሴቶችን የጎረቤት ስጦታ የበግ ሰኮና እንኳ ቢሆን እንዳይንቁ መምከራቸውም በታመኑት የሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ልብ በሉ፤ ምክሩ ለሁለቱም ወገን ነው፣ ለሰጪዋም ለተቀባይዋም።

ታዲያ በዋጋ የሚመዘነው ስጦታ ከየት መጣብን? ከእጅ መንሻ ነው የመጣው። በድሮው ሥርዓት ወደ ገዢ ወይም ወደ ባላባት ደጅ የሚገባ ሰው እጅ መንሻ ይይዛል፤ ሙክት፣ ማር፣ ጠገራ ብር። ያ ስጦታ በእርግጥ በዋጋው ይመዘን ነበር፤ ምክንያቱም የሚጠየቅበት ነገር ነበረ፦ ሹመት፣ ፍርድ፣ ርስት። ትንሽ እጅ መንሻ የያዘ ትንሽ ፊት ያገኛል። ዛሬም ቢሮ ለቢሮ «መተያያ» እየተባለ የሚዞረው ነገር የዚያው ልጅ ነው። እኔ የምለው፣ የእጅ መንሻን ሚዛን ወደ እናት ቤት ማስገባት ለእናት ክብር መጨመር ሳይሆን እናትን ጉዳይ አስፈጻሚ ማድረግ ነው። እናትህ ዘንድ ምን ልታስፈጽም ትሄዳለህ? አክስትህ በምን ዓይነት ችሎት ተቀምጣ ነው የያዝከውን ሙክት አይታ የምትፈርድልህ?

ደግሞ የራሳችንን ቋንቋ እንስማው። እንግዳ ሲመጣብን «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» እንላለን። ቤቱ ያፈራው ሽሮ ይሁን ቆሎ፣ ደረቅ እንጀራ ይሁን ውሃ፣ አባባሉ ይሸፍነዋል፤ እንግዳውም ይቀበለዋል፣ አለመቅመስ ነው ነውሩ። እንግዳ ስንሆንስ? ያው ሰው፣ በገዛ ቤቱ ሽሮ አቅርቦ የማያፍረው ሰው፣ የሌላ ሰው ደጅ ሲደርስ ቤቱ ያፈራውን መያዝ ያፍራል። በአንድ አገር፣ በአንድ ባህል፣ ከበሩ በዚህና በዚያ ወገን ሁለት ሕግ ሊኖር አይገባም። አስተናጋጁ ቤት ያፈራውን ካቀረበ፣ እንግዳውም ቤት ያፈራውን ይያዝ።

የኑሮውን ክርክር በከፊል እቀበላለሁ። «ዋናው ልብ ነው» እያሉ ምንም የማያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ጥብቅና አልቆምም። ግን ስስታምን ከተቸገረ ሰው መለየት ያን ያህል ከባድ ነው? ስስታም ገንዘቡንም ጊዜውንም ይሰስታል። የተቸገረ ሰው ገንዘብ ባይኖረው ጊዜና ጉልበት አለው፣ ሐሳብም አለው፤ እነዚህን ሰጥቶ ስስታም የተባለ ሰው አላየሁም። ልብ ወጥ አይሆንም ላሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ ዘይት ላለቀባት ዘይት ውሰዱላት። አስቦ መስጠት ማለት በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ጌጥ ፍለጋ መዞር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ጓዳዋን አውቆ አንድ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ቡና ይዞ መግባት ከማንኛውም ቶርታ የበለጠ የታሰበበት ስጦታ ነው። ሩብ ኪሎ ቡና የያዘ እንግዳ ደግሞ አንድ ነገር አብሮ ይዟል፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ እንደሚቀመጥ።

ቶርታውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አንድ የማውቀው ቤት ባለፈው ገና ሦስት ልጆች ሦስት ቶርታ ይዘው ገቡ። እያንዳንዳቸው ከሌላው እንዳያንሱ ዋጋውን በስልክ ተጠያይቀው ነበር። የእናታቸው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተቃጠለ ወር አልፎታል፤ የበዓሉን እንጀራ የጋገረችው ጎረቤት ቤት ተራ ይዛ ነው። የሦስቱ ቶርታ ዋጋ አንድ ላይ ምጣዱን አሠርቶ ይተርፍ ነበር። እነዚህ ልጆች ንፉጎች አይደሉም፤ እንዲያውም ተበድሮ የገዛ አለ ከመካከላቸው። የጎደላቸው ብር አልነበረም። አንዳቸውም ወደ ጓዳ አልገቡም። እኛ እኮ ብቻችንን በሬ መግዛት ሲያቅተን ቅርጫ የምንገባ፣ መደብ በመደብ የምንካፈል ሕዝብ ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እያልን ያደግን ነን። ታዲያ ሥጋ ለመብላት የምንተባበረውን ያህል ለእናት ለመስጠት መተባበር ለምን ያቅተናል? ቅርጫ ላይ ፉክክር የለም። ስጦታው ላይ ፉክክሩን ያመጣው «እገሌ ምን ይዞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጥሬ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የማይመለስ ክርክር አድርጎ የሚያየው እሱን ነውና። ኮልፌ አካባቢ የምትኖር አክስት አለችኝ፤ ባሏ ካረፈ ዓመታት ሆነ፣ ልጇ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። ለፋሲካ ልጇ በስልኳ ገንዘብ ላከላት፤ ለዶሮ፣ ለእንቁላል፣ ለቅቤ የሚበቃ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ከደሞዙ ቆርሶ ነው የላከው። ዶሮውን ገዛች። ቅዳሜ ከሰዓት ዶሮው ከአልጋው እግር ታስሮ፣ ቢላዋው ተስሎ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ የሚያርድ ሰው ግን ጠፋ። እንደምናውቀው በአገራችን ልማድ ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው። ጥበቃው ተረኛ አልነበረም፤ የጎረቤቷ ባል ገጠር ለበዓል ሄዷል። ደጅ ወጥታ መንገደኛ ስትጠብቅ መሸ። በስተመጨረሻ አንድ የማታውቀውን ጎረምሳ ለመነችና አረደላት፤ ቢሆንም ዶሮ ወጥ በአንድ ሰዓት የሚደርስ ነገር አይደለም። ሌሊት ጾም ሲፈታ ወጡ ገና ነበር፤ በእንቁላል ፈታች። እኔ ይህን የሰማሁት በማግስቱ በስልክ ነው። እኔም ያን ዓመት «በዓሉ ይለፍና እመጣለሁ» ካሉት አንዱ ነበርኩ። ከቤቴ እስከ ቤቷ አንድ ታክሲ ነው።

ያ ገንዘብ ለምን አልበቃም? ዶሮ ገዝቷል፤ የሚያርድ እጅ ግን አልገዛም። አንድ ቤት የሚጎድለው ነገር ሁሉ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። ለአንድ ዶሮ ወጥ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት ይላጣል፤ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ይገነጠላል፤ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። እጇ በቁርጥማት የተያዘች እናት ይህን ሁሉ ብቻዋን ስታደርግ የምታመሸው ለማን ብላ ነው? ለሚመጡት ልጆቿ። በዋዜማው ሄዶ ሽንኩርት የሚልጥ፣ ዶሮ የሚያርድ፣ ቄጤማ የሚጎዘጉዝ ልጅ ያለ አንድ ሳንቲም ትልቅ ስጦታ ሰጥቷል። ጉልበቷ የደከመ አሮጊትን ለቅዳሴ እጇን ይዞ ወስዶ የመለሰ እንዲሁ። ይህን «አቅም ለሌለው የተፈቀደ ማካካሻ» አድርገው የሚያዩት ሰዎች ይሳሳታሉ። አቅም ላለውም ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ገንዘብ ለተቸገረ ገንዘብ መላክ ተገቢ ነው፤ ሩቅ ያለ ሰው ሌላ ምርጫም የለውም። እኔ የምቃወመው በአንድ ከተማ እየኖሩ በላኩት ብር እግራቸውን የሚተኩትን ነው። ዋልድፎጌልም ቢሆን የሚሉትን አይልላቸውም። ተማሪዎቹን ሲጠይቅ ዕቃው በስሜት ረገድ ያለውን ዋጋ ትተው እንዲገምቱ ነው የጠየቃቸው። ስጦታን ስጦታ የሚያደርገውን ነገር አውጥቶ የቀረውን መዘነ፤ ቀሪው መጉደሉ ምን ይደንቃል? ከዚያ ይልቅ በጥናቱ ውስጥ የሚነበበው ሌላ ነገር ነው ለእኛ የሚጠቅመው፦ ስጦታቸው ከሁሉ ያነሰ የባከነው የቅርብ ወዳጆችና ፍቅረኞች ሲሆኑ፣ ብክነቱ የበዛው ራቅ ባሉ ዘመዶች ዘንድ ነበር። ማለትም ተቀባዩን የሚያውቅ ሰው የሰጠው ነገር ዋጋውን ይይዛል። በ2009 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፍሊንና ጋብሪኤል አዳምስ ያሳተሙት ጥናትም ከዚሁ ይስማማል፤ ሰጪዎች ዕቃው በተወደደ ቁጥር ተቀባዩ የበለጠ ይደሰታል ብለው ሲጠብቁ፣ ተቀባዮቹ ግን በዋጋውና በደስታቸው መካከል ያን ግንኙነት አላሳዩም። ጭንቀቱ ያለው በሰጪው ልብ ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማን ነው የምሰጠው?» ይሁን፤ «በስንት?» የሚለው በኋላ ይምጣ። የመነጽሩ እጀታ በክር የታሰረ አጎት አላችሁ? መነጽር ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ አሠሩለት። የሟች ባሏ ፎቶ በአሮጌ መታወቂያ ላይ ብቻ የቀረላት ሴት ታውቃላችሁ? ፎቶ ቤት አስፍታችሁ አሳጥባችሁ ስጧት፤ ያንን ሥዕል ግድግዳዋ ላይ ስትሰቅል ያየ ሰው ስለ ውድ ስጦታ ዳግመኛ አይከራከርም። ማንበብ የማይችሉ፣ መዝሙር ወይም መንዙማ የሚወዱ አባት በስልካቸው ላይ የሚወዱትን ጭናችሁ፣ አከፋፈቱን አሳይታችሁ፣ እስኪለምዱት አብራችሁ ተቀመጡ። እነዚህን ለማድረግ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለማወቅ ደግሞ መሄድ፣ መቀመጥ፣ ዙሪያን ማየት። ገንዘብ የበዛለት ሰው ይህን ዘሎ ውድ ነገር ገዝቶ ሊገላገል ይችላል። ገንዘብ ያጠረው አይችልም፤ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። የእጅ ማጠር ለሰጪው ጭንቅ እንደሆነ አልክድም፤ ለስጦታው ግን ብዙ ጊዜ በጎ ሆኖ አይቼዋለሁ።

የብድሩ ክርክር ቀረ። እናቴ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አትመልስም ነበር። በግ የታረደበት ቤት ሥጋ ከላከላት፣ ሳህኑ ሲመለስ ሦስት ሎሚ ይኖርበታል፤ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ወይም ከጓሮ የተቀጠፈ ጤና አዳም። ሎሚና ሥጋ እኩል ናቸው ብላ አይደለም። መንገዱ ክፍት መሆኑን ነው የምትናገረው። ብድር ልክ በልክ፣ ብር በብር ይመለስ ያለው ማን ነው? ልክ በልክ የተመለሰ ብድር እኮ ሒሳብ መዝጋት ነው፤ ዝምድና ግን ሒሳቡ ሳይዘጋ የሚኖር ነገር ነው። አምና በግ ያመጣልህ ሰው ዘንድሮ ጤና አዳም ይዘህ ብትሄድ ቅር ይለዋል ብለህ የምታስብ ከሆነ፣ ስለ እሱ ያሰብከው ክፉ ነገር ከጤና አዳሙ ይልቅ ይሰድበዋል።

ይህ እምነት ባሕር ማዶ ያሉትንም አስሯል። ከአሜሪካ ለሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ ሁለቱን ሻንጣ ለዘመድ አዝማድ የሚሞላበት ገንዘብ ስላልሞላለት ብቻ የእናቱን ፊት ሳያይ ዓመታት ያለፉት ሰው ጥቂት አይደለም። በጅዳና በቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ኮንትራታቸው አልቆ እንኳ «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ» ብለው ሌላ ሁለት ዓመት ይጨምራሉ። ሁለት ዓመት! አንዳንዷ ስትመለስ አባቷን በሕይወት አታገኘውም። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውን ሻንጣ ደግሞ ክፈቱትና እዩ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። ዋሽንግተን ያለው ልጅ በርበሬ ከሱቅ መግዛት ይችላል፤ ግን የእናቱን በርበሬ ነው የሚጠብቀው፤ ፌስታሉን ሲከፍት ሽታው ይበቃዋል። ከእናት ወደ ልጅ ሲሆን በርበሬ ትልቅ ስጦታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከልጅ ወደ እናት ሲሆን ለምን ስልክና ወርቅ ካልሆነ እንላለን? እናቶች ከልጆቻቸው ያነሰ ልብ አላቸው?

እዚህ ላይ ወቀሳዬን ከሰጪው አንሥቼ ወደ ተቀባዩ አዞራለሁ፤ ዋናው ጥፋት ከእሱ ዘንድ ነውና። ሰው ሲገባ ፊቱን ሳናይ ፌስታሉን የምናይ እኛ ነን። ከውጭ የመጣን ሰው ገና ሻንጣው ሳይወርድ «ምን አመጣህልኝ?» የምንል እኛ ነን። የአንዱን ስጦታ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን የሌላውን ጓዳ የምንደብቅ፣ ልጆቻችን እየሰሙ የእንግዳን ስጦታ የምንተምን እኛ ነን። የምንወዳቸውን ሰዎች ከደጃችን ያስቀረናቸው በዚህ ነው። ስለዚህ ችግር ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ቀድማችሁ ደውሉ፤ «ምንም ሳትይዝ ና» ብቻ አትበሉት፣ እሱ አያምናችሁም። የምትፈልጉትን ንገሩት። «ዶሮ የሚያርድልኝ የለም፣ ቅዳሜ ድረስልኝ» በሉት። «የእናትህን ዓይነት ድፎ ማን ይጋግርልኛል» በሉት። የሚጠበቅበትን የሚያውቅ ሰው ቀና ብሎ ይገባል።

በበዓል ቀን የምንለዋወጠው ቃል «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። በሕይወት መድረስን ነው የምናመሰግነው፤ ከዓመት ዓመት ያድርሰን ብለንም እንለምናለን፤ ሁላችንም እንደማንደርስ ስለምናውቅ። ለአንዲት ሰማንያ ዓመት ለሞላት እናት የቀረው በዓል በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነዚህ አንዱን በዋጋ ሐፍረት ምክንያት መውሰድ ስርቆት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቃሉ ከበደ የሚለኝ ካለ ቀለል ያለውን ይፈልግልኝ፣ እኔ አላገኘሁም። ትንሽ ስጦታ ማንንም አልሰደበም። የሰደበው መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ይህን እያነበባችሁ ለሚመጣው በዓል ለመቅረት በልባችሁ የወሰናችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን ለውጡ። ሩብ ኪሎ ቡና ያዙ። እሱም ከሌለ ከደጃችሁ ጤና አዳም ቅጠፉ። ጤና አዳምም ከሌለ እጃችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድረሱ፤ በዚያ ሰዓት በየሰፈሩ ዶሮ አስረው ሰው የሚጠብቁ ሴቶች አሉ።